በዓይን ስለማይታየው እሳት

ክፉ ቀን ከመድረሱ በፊት ስለ ክፉ ቀን ማሰብ የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ግን የማያስብ ማንም የለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት፥ ነበልባሉ ጣራውን ከያዘ በኋላ ቅጠል ይዞ የሚሮጥ ሰው ድካሙ እንጂ ጥቅሙ እንደማይታይ አውቀው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ያሰብነውም ነገር ስለ እሳት ነው። ነገር ግን ይህ እሳት ጢስ የለውም፤ ነበልባሉ አይታይም፤ አይሸትም፤ የያዘውንም ሰው በያዘው ሰዓት አያመውም። ሥጋን አቃጥሎ የሚታየው ከቀናት በኋላ፥ ደምን የሚያደክመውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ስሙ ጨረራ ይባላል።

የጨረራ አደጋ ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። በ1937 ዓ.ም. በጃፓን ከተሞች ላይ የወደቀው ቦምብ፥ በሚያዝያ 1978 ዓ.ም. በቼርኖቢል የፈነዳው የኃይል ጣቢያ፥ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከባሕር ማዕበል በኋላ በፉኩሺማ የደረሰው ጥፋት ይታወሰዋል። ከዚህም የተነሣ «እኛ ቦምብ የለንም፤ በአቶም ኃይል የሚሠራ ጣቢያም እስከ ዛሬ አልሠራንም፤ እንግዲህ ይህ ነገር እኛን ምን አገባን?» የሚል አሳብ በቅን ሰዎች ዘንድ እንኳ ይገኛል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለመግለጽ፥ ስለ ዝግጅታችንም እንዴት አድርገን በእውነት መመርመር እንደሚገባን ለማሳሰብ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከነገሩ መለየት ያስፈልጋል። በሆስፒታል አጥንትን ወይም ሳንባን ለማየት የሚያገለግለው የራጅ መሣሪያ ጨረራ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ማብሪያው ከተዘጋ ወይም መብራት ከጠፋ እንደ ማንኛውም ብረት ነው። ኮባልት 60 ወይም ሲዚየም 137 የተባለው ንጥረ ነገር ግን ማብሪያና ማጥፊያ የለውም። ከተፈጥሮው ዘወትር ጨረራ ያመነጫልና የሚገታው በወፍራም እርሳስ ወይም ብረት ውስጥ ሲታሸግ ብቻ ነው። ኮባልት 60 ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ሲዚየም 137 ደግሞ 30 ዓመት ያህል። በዚህ ዘመን ውስጥ መሣሪያውን የገዛው ሹም ይለወጣል፤ ያሠራው ባለሙያ ጡረታ ይወጣል፤ መዝገቡ በመጋዘን ውስጥ ምስጥ ይበላዋል፤ ኩባንያውም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የብረቱ ኃይል ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ሥራውን ይሠራል።

ጨረራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ጥቅሙም ብዙ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰርን ሕመምተኞች በኮባልት ጨረራ ማከም ከጀመረ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያም ወዲህ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ሁሉ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ሌላ ስፍራ አልነበረም። ከየጠረፉ የመጣው ሕመምተኛ ተራውን እየጠበቀ የዳነበት ይህ ብረት ነው። በ1999 ዓ.ም. በቃሊቲ በተመረቀው ጣቢያ፥ ከብትን በገንዲ የሚፈጀውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት ወንዶቹ ዝንቦች በጨረራ እንዲመክኑ ተደርጓል። መንገድ የሚሠሩ ድርጅቶች የአፈሩን ጥብቀት፥ ፋብሪካዎችም የዕቃቸውን መጠን፥ የብረት ባለሙያዎችም የብየዳውን ደኅንነት የሚመረምሩበት አነስተኛ መሣሪያ አለ። በሥርዐቱ ከተያዘ ይህ ሁሉ በረከት ነው። የሚያስፈራው፥ ጌታው የረሳው፥ ከመጋዘን የወጣ፥ ምን እንደ ሆነም የማያውቅ ሰው እጅ የገባ ብረት ነው።

ይህን ጉዳይ በወሬ ሳይሆን በቦታ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ጉለሌ ይውጣ፤ ዊንጌት በተባለውም ሠፈር ለጥቂት ጊዜ ይቁም። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተመሠረተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ ዊንጌትም በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል የዘመተው የእንግሊዝ የጦር መኰንን ነበረ። በዚያው አጠገብ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ ቃጠሎና ድንገተኛ አደጋ የደረሰባቸውን የሚቀበለው አቤት ሆስፒታልም በቅዱስ ጳውሎስ ሥር የቆመ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር ብሎ በሚጠራው ስፍራ፥ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተቀምጧል። ይህ መሥሪያ ቤት ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ጀምሮ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ በ1987 ዓ.ም. የጤና ምርምሩ፥ የሥነ ምግቡና የባህል መድኃኒቱ ክፍሎች በአንድነት ተጠቃለሉ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ነው። በአገር ውስጥ ወረርሽኝ ወይም ሌላ የጤና አደጋ ሲነሣ ወሬው የሚሰበሰበው፥ ለዓለም ጤና ድርጅትም የሚነገረው ከዚህ ቤት ነው።

በዚያው ጎዳና ግን ሌላም ሰው ያልፋል። ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ «ቆራሊዮ!» እያለ የሚዞረው ወጣት ነው። ያረጀ ድስት፥ የተሰበረ አልጋ፥ የማይሠራ መሣሪያ፥ ምን እንደ ነበር የማይታወቅ ብረት ሁሉ ከየደጁ ይገዛል። እንጀራውን የሚበላው በዚህ ነውና ሥራው የተከበረ ነው። የሰበሰበውንም ወደ መርካቶ፥ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል፤ በዚያም ባለ እጆቹ ቀጥቅጠው፥ ቈርጠው፥ በይደው ምድጃና መጥበሻ፥ ማጠፊያና ሰንሰለት ያደርጉታል። እንግዲህ ሐኪሙ፥ የላቦራቶሪው መርማሪና የብረት ገዢው በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። የአገራችን ዝግጅት የሚለካው እነዚህ ሦስት ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል በጊዜው የሚሰማ እንደ ሆነ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን በሌላው አገር የደረሰው ያስረዳል። በብራዚል አገር በጎያንያ ከተማ አንድ የካንሰር ሕክምና ቤት ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር፥ ሲዚየም 137 ያለበትን መሣሪያ በፈረሰው ቤት ትቶት ሄደ። በመስከረም 1980 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች መሣሪያውን ነቅለው ወሰዱት፤ ከዚያም ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴውም ከውስጡ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት ቢያገኝ እንደ ዕንቍ ቈጠረው፤ ለዘመዶቹና ለጎረቤቶቹ አከፋፈለ፤ ሕፃናትም በገላቸው ቀቡት። ሰዎቹ ማስታወክና መታመም ሲጀምሩ ሐኪሞች የምግብ መመረዝ ወይም የቆላ በሽታ መሰላቸው። ነገሩ የታወቀው መሣሪያው ከተነቀለ ከ16 ቀን በኋላ ነው፤ ያም የነጋዴው ሚስት የሰው ሁሉ መታመም ከዚያ ብረት እንደ ሆነ ጠርጥራ፥ በከረጢት ይዛ፥ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት በማምጣቷ ነው። 4 ሰዎች ሞቱ፤ እርስዋም ከሞቱት አንዷ ነበረች። ከ112,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተመረመረ፤ በ249ኙም ላይ የሲዚየሙ ብክለት ተገኘ። ያን ያህል ሰው የፈጀውና ያስጨነቀው ዱቄት ክብደቱ 100 ግራም እንኳ አይሞላም ነበረ።

ወደ እኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ ከግብፅ እናገኛለን። በ1992 ዓ.ም. ሚት ሐልፋ በተባለ መንደር አንድ ገበሬ ለብየዳ ምርመራ የሚያገለግል፥ ኢሪዲየም 192 ያለበት ትንሽ ብረት ወድቆ አገኘ፤ የከበረ ነገር መስሎት ወደ ቤቱ አስገባው። ቤተ ሰቡ በየተራ እያነሣ አየው። ቈዳቸው ሲቈስል የቈዳ በሽታ ተብሎ ታከሙ። ታናሹ ልጅ ሞተ፤ ቀጥሎ አባትየው ሞተ፤ የቀሩትም የቤቱ ሰዎች ታመሙ። በዚህ ቤት ውስጥ ቦምብም የኃይል ጣቢያም አልነበረም፤ የነበረው በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚሸሸግ ብረት ብቻ ነው።

በዚያው በ1992 ዓ.ም. በየካቲት ወር በታይላንድ አገር በሳሙት ፕራካን የሆነው ደግሞ በሌላ መንገድ ያስተምራል። በዚያም እንደ ጎያንያ አሮጌ የሕክምና መሣሪያ በብረት ነጋዴ እጅ ገብቶ፥ ኮባልት 60 ከሽፋኑ ወጥቶ በግቢ ውስጥ ተጣለ። ከተጎዱት 3 ሰዎች ሞቱ። ነገር ግን ሐኪሞች እጃቸው የተቃጠለ፥ ጠጕራቸው የረገፈ፥ የነጭ ደም ሕዋሳቸው የቀነሰ ሕመምተኞችን በአንድነት ባዩ ጊዜ፥ «እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አሮጌ ብረት እንደሚፈቱም ሲሰሙ ጨረራ መሆኑን ጠርጥረው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወዲያው አስታወቁ። ከማስታወቃቸው የተነሣ ብረቱ ተፈልጎ ተገኘ፤ ከዚያም በላይ ሰው ሳይፈጅ ቀረ።

በሦስቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት የባለጠግነት ወይም የመሣሪያ ብዛት አይደለም። ልዩነቱ በመጀመሪያው ደጃፍ የተቀመጠው ሰው ጠርጥሮ መጠየቁና የሚናገርበትን ስፍራ ማወቁ ነው። ስለዚህ የዝግጅታችን ምርመራ ከዚህ ደጃፍ መጀመር አለበት እንላለን።

አገራችን በሕግ በኩል ባዶ እጇን አይደለችም። ኢትዮጵያ በ1950 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ሆና ገብታለች። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 571፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1025 ወጥተው ሕጉን አሻሻሉት፤ አሰፉትም። ከዚያም በኋላ የቁጥጥሩ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛወረ። ስም ቢለዋወጥም መሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም የጨረራ ምንጭ ያለው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ፥ ምንጩም እንዲመዘገብ፥ ሥራውን ሲጨርስም በሥርዐት እንዲወገድ ነው።

ሁለተኛው መሠረት ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የጸደቀውና ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ደንብ፥ እንደ ቀድሞው ኮሌራንና ቢጫ ወባን የመሰሉ ጥቂት በሽታዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መነሻው ተውሳክ ይሁን መርዝ ወይም ጨረራ፥ የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ ነገር ሁሉ በውስጡ ተጠቃሏል። መንግሥታት አስቸኳይ ወሬ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ መርምረው፥ ሌላውን ዓለም የሚያሰጋ ሆኖ ቢያገኙት በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያስታውቁ ያዛል።

በዚህ ደንብ መሠረት በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በፈቃዷ የውጭ አገር ባለሙያዎች ከራሷ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ዝግጅቷን እንዲመረምሩ ፈቀደች፤ ከአፍሪካ አገሮች ይህን በማድረግ ከቀደሙት አንዷ ናት። ምርመራው በ19 ክፍል የተከፈለ ነበረ፤ ከነዚህም አንዱ የጨረራ አደጋ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 1 ማለት ችሎታው ገና የለም ማለት ነው፤ 5 ማለት ጸንቶ የቆመና በራሱ የሚቀጥል ችሎታ አለ ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፥ በደጃፋችን ያለውን ጉድለት በራሳችን አፍ መናገራችን የሚያስመሰግን ነው እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ይሁን እንጂ በምርመራ ላይ አንድ ፈተና አለ። መርማሪ ሲመጣ የሚቀርብለት ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ አዋጁ፥ መመሪያው፥ ዕቅዱ፥ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ። ወረቀቱ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ ሥራ አይጀመርም። ነገር ግን በወረቀት የተጻፈ ሁሉ በእጅ የተሠራ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። ባለመኰንን ፈረስ በሰልፍ ቀን ያማረ ቢሆንም፥ ጀግንነቱ የሚታወቀው በዘመቻ ነው። እንግዲህ ሹማምንቱ ዝግጅታችንን ሲመዝኑ፥ ከነጥቡ ጋር አራት ጥያቄ ራሳቸውን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

የመጀመሪያው፥ በጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ወይም የጤና መኰንን የጨረራን ጉዳት ያውቀዋልን? የሚለው ነው። ምልክቱ አታላይ ነው። ብዙ ጨረራ ያገኘው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስታውከዋል፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት ወይም ለሳምንታት የዳነ ይመስላል፤ ወደ ቤቱም ይሄዳል። ጠጕሩ የሚረግፈው፥ ድዱ የሚደማው፥ ትኩሳት የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ብረቱን በእጁ ወይም በኪሱ የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ እሳት ሳይነካው የተቃጠለ ቈዳ ይታይበታል። እሳት ያላየ ቃጠሎ፥ ምክንያት የሌለው ማስታወክ፥ በአንድ ቤት ወይም በአንድ የሥራ ቦታ የታመሙ ብዙ ሰዎች፥ ከዚህም ጋር የብረት ሥራ፤ እነዚህ አራቱ ሲገናኙ መጠርጠር ይገባል። ይህን ለማስተማር ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽና የአንድ ቀን ትምህርት ይበቃል።

ሁለተኛው፥ የጠረጠረው ሰው ለማን ይናገራል? የሚለው ነው። የጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምንጮቹን ያውቃል፥ ሕመምተኛውን ግን አያይም፤ የጤና መሥሪያ ቤቱ ሕመምተኛውን ያያል፥ ምንጩን ግን አያውቅም። በጎያንያ 16 ቀን የጠፋው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በኮሮና ዘመን ሕዝቡ 8335 የተባለውን የስልክ ቍጥር ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ዐውቆት ነበረ፤ እንዲሁም ሁሉ በሌሊት እንኳ የሚመልስ፥ ሐኪሙን ከጨረራ ባለሙያው ጋር ወዲያው የሚያገናኝ መንገድ መኖሩ፥ በእርግጥም የሚሠራ መሆኑ በየጊዜው መፈተን አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ግን በዓመት አንድ ጊዜ በስብሰባ ስለ ተያዩ ብቻ አበሩ አይባልም። በአንድነት ልምምድ ያድርጉ፤ በሐሰተኛ አደጋ ራሳቸውን ይፈትኑ፤ ያንጊዜ የላላው ክር ይታያል።

ሦስተኛው፥ ሆስፒታሉ ሕመምተኛውን ሲቀበል ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ትልቁ ጠላት ፍርሃት ነው። ጨረራ ያገኘው ሰው ሁሉ ጨረራ አይሰጥም፤ የራጅ ምርመራ ተደርጎለት የወጣ ሰው ሌላውን እንደማይጎዳ ሁሉ። ዱቄት ወይም ትቢያ በላዩ ያረፈበት ሰው ግን ልብሱን ቢያወልቅ ከብክለቱ ከ10 እጅ 9 እጅ ያህሉ ከእርሱ ይለያል፤ የቀረው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ልብሱም ተጠቅልሎ ለብቻ ይቀመጣል። ደም የሚፈሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ ሕይወቱን ማዳን ይቀድማል፤ መታጠቡ ይከተላል። ይህን ያልተማረ ሐኪም ወይም በድፍረቱ ራሱን ይጎዳል፥ ወይም በፍርሃቱ ሕመምተኛውን በደጅ ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱም ጥፋት ነው። ስለ መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው። አዮዲን የእንቅርት ዕጢን ከጨረራማ አዮዲን ይከላከላል እንጂ ለሌላው አይረባም፤ ለሲዚየም በጎያንያ ያገለገለው ፕረሽያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መንግሥታት ሊያከማቹት የሚገባውን የመድኃኒት ዝርዝር በጥር 2015 ዓ.ም. አሻሽሎ አውጥቷል። አገር ሁሉ በየሆስፒታሉ እንዲያከማች አያስፈልግም፤ በአንድ በታወቀ መጋዘን ተቀምጦ፥ ጊዜው ሳያልፍበት እየታደሰ፥ ቍልፉ በማን እጅ እንዳለ መታወቁ ይበቃል።

አራተኛው፥ ለሕዝቡ ማን ይናገራል? የሚለው ነው። በጎያንያ ብክለት ከተገኘበት ከአንድ ሰው ጋር 450 ያህል ሰዎች ለመመርመር ተሰልፈው ነበረ፤ ስለዚህ ምርመራው በኳስ ሜዳ ተደረገ። የዚያ ከተማ ሰዎች በሌላ ከተማ ማደሪያ ተከለከሉ፤ የምድራቸውም ፍሬ በገበያ ገዢ አጣ። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ወሬ ቢነሣ፥ እውነተኛው ቃል ከመድረሱ በፊት ሐሰቱ በየስልኩ ከተማውን ይዞረዋል። የቅዱስ ጳውሎስ ደጅ በአንድ ማለዳ በፈራ ሰው ይሞላል፤ በእርግጥ የታመመውም በዚያ ሕዝብ መካከል ይጠፋል። የት እንመረምራለን? ማን ይለያል? በሬዲዮ ማን ይናገራል? በየትኛውስ ቋንቋ? እነዚህ በአደጋ ቀን የሚመከርባቸው ጥያቄዎች አይደሉም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን መልሳቸው ዛሬ መጻፍ አለበት።

በዚህ ቦታ ለካህናት አባቶች አንድ ቃል እንድንናገር ይፈቀድልን። በአገራችን ያልታወቀ ሕመም የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። ከጉለሌ በላይ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣውን ሕመምተኛ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እንግዲህ እሳት ሳይነካው የተቃጠለውን እጅ ከሐኪሙ በፊት የሚያዩት ካህኑና አጥማቂው ሊሆኑ ይችላሉ። አባቶች ሕመምተኛውን ሲቀበሉ «ልጄ፥ ሥራህ ምንድን ነው? ያገኘኸው፥ ያነሣኸው ብረት አለን?» ብለው ቢጠይቁ፥ ጥርጣሬ ካለም ወደ ሐኪም ቢልኩት፥ ከጸሎቱ የሚጐድል ነገር የለም፤ ነፍስን ከሥጋ ጋር ማዳን ይሆናል እንጂ። ደግሞም በሰንበት በዐውደ ምሕረት የተነገረ አንድ ቃል በመቶ ማስታወቂያ የማይደርስበት ይደርሳል፤ የማያውቁትን፥ ከባድና የታሸገ፥ የሦስት ክንፍ ምልክት ያለበትን ብረት እንዳይከፍቱ፥ እንዳይሸጡም፥ ከእርሱ ርቀው እንዲያስታውቁ ለምእመናን ቢነግሩ ትልቅ አገልግሎት ነው። ያ የሦስት ክንፍ ምልክት ላልተማረው ሰው ትርጕም ስለማይሰጠው፥ በ1999 ዓ.ም. የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው ያለበት ቀይ ሦስት ማዕዘን ተጨምሮ በዓለም ላይ መታወጁም መታወቅ ይገባዋል።

ለቆራሊዮውና ለምናለሽ ተራ ባለ እጆችም የምናስበው በፍቅር መሆን አለበት። እነርሱን በማስፈራራትና በመቅጣት የሚገኝ ጥቅም የለም፤ የተፈራ ሰው ያገኘውን ይሸሽጋል፥ የተሸሸገውም ብረት ይገድላል። ብረት አምጥቶ ላስታወቀ ሰው ምስጋና እንጂ ምርመራ እንደማይጠብቀው በግልጽ ቢነገር፥ ብረት በብዛት ከሚከማችበትና ከሚቀልጥበት ደጅም ጨረራን የሚለካ መሣሪያ ቢቆም፥ ከብዙ ኮሚቴ የሚበልጥ ጥበቃ ይሆናል። ምንጩን የገዛው ድርጅት ደግሞ ሥራው ሲያልቅ በራሱ ወጪ እንዲመልስ ወይም እንዲያስወግድ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ሳይሆን በተግባር መገደድ አለበት፤ ጎያንያን ያጠፋው ዕቃውን ትቶ የሄደ ባለቤት ነውና።

ይህ ሁሉ ዛሬ ይበልጥ የሚያሻን ሌላ ምክንያት አለ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አገራችን ከሩስያው ሮስአቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ ለመሥራት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ በሞስኮ ተፈራርማለች። የኤሌክትሪክ ኃይል ለሚያሻው ሕዝብ ይህ ታላቅ አሳብ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ ከአሳቡ እስከ ፍጻሜው ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ያ ዘመን ለመሐንዲሱ የግንባታ ዘመን ከሆነ፥ ለጤና መሥሪያ ቤት የትምህርት ዘመን መሆን አለበት። ትንሿን ምንጭ ተከታትሎ ያልጠበቀ እጅ ትልቁን ሊጠብቅ አይችልምና፥ ለነገው ጣቢያ የሚደረገው ዝግጅት የሚጀመረው በዛሬው የመጋዘን ቈጠራ ነው።

ለማጠቃለል፥ የምንለው ይህ ነው። ለጨረራ አደጋ መዘጋጀት ማለት በዋና ከተማ የተቀመጠ ዕቅድ ብቻ አይደለም፤ ከብረት ገዢው ማዳበሪያ እስከ ጉለሌው ላቦራቶሪ ድረስ ያለው መንገድ ሳይቈረጥ መቆሙ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የቆሙት ብረት ገዢው፥ ነርሱ፥ ካህኑ፥ ሐኪሙ፥ መርማሪውና ሹሙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አንድ ጥያቄ ቢያውቁ አገር ተዘጋጅታለች ለማለት ይቻላል። አንዱ እንኳ ቢያንቀላፋ ግን የቀሩት ሁሉ ቢነቁ አይበቃም። መብራታቸውን ከነዘይቱ ይዘው የጠበቁት ቈነጃጅት የተመሰገኑት ሰዓቱን ስላወቁ አይደለም፤ ሰዓቱን ባያውቁም ስለ ተዘጋጁ ነው። በዊንጌት የምናልፍ ሁላችን፥ «ቆራሊዮ!» የሚለውን ድምፅ በሰማን ጊዜ ይህን እናስታውስ፤ ሹማምንቱም ያን ድምፅ ከቢሯቸው መስኮት ሲሰሙ፥ በጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ዕቅድ አንድ ጊዜ ገልጠው ይመልከቱት።